የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ቴምብሮች ስንት ያወጣሉ?

ባለፈው ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱና ጭቃው ተባብረው ሰው ከቤት የማያስወጡበት ቀን። አንዲት ጎረቤታችን የብስኩት ቆርቆሮ በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መንዝ ውስጥ ብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ቆርቆሮው የሳቸው ነው። እስከ አፉ ቴምብር ሞልቷል። "ልጄ፣ አንተ ይሄን ነገር ትሰበስባለህ አሉ። የልጅ ልጄ ቲክቶክ ላይ አይቶ 'እማማ፣ ሀብታም ሆነናል' እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። እስቲ እየውና ስንት እንደሚያወጣ ንገረኝ" አሉኝ።

አየሁት። አቦሉ ተቀድቶ በረካው እስኪደርስ አየሁት። የቆርቆሮውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ከመብዛቱ የተነሣ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሣሁት።

መልሱን በአጭሩ ልናገርና ልገላገል። አብዛኛው ቴምብር ምንም አያወጣም። ጥቂቱ ያወጣል። ያ ጥቂቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዘመን ብዛት አይደለም፤ ባለቤቱ ባገኘው በመጀመሪያው ማታ፣ ደስ ብሎት ሲነካካው ነው።

አንድ ግርታ አስቀድመን እናጥራ። እኛ አገር "ቴምብር" ሁለት ነገር ነው። አንዱ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው፣ ሌላው ውክልና ወይም ውል ላይ የሚለጠፈው የቀረጥ ቴምብር። ከድሮ ውል ላይ ያገኛችሁት ከሆነ ሁለተኛው መሆኑ አይቀርም። እሱንም የሚሰበስቡ አሉ፣ ገበያው ግን ለብቻው ነው። እኔ የማወራው ስለ ደብዳቤው ነው። (እና እባካችሁ፣ ቴምብር አገኛለሁ ብላችሁ የቤተሰብ ሰነድ እንዳትልጡ።)

"ድሮ ስለሆነ ውድ ነው" የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሁሉም ሰው ግን ይለዋል። በዓለም የመጀመሪያው የሚለጠፍ የፖስታ ቴምብር እንግሊዝ በ1840 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣችው ጥቁሩ የአንድ ፔኒ ቴምብር ነው። ከዚህ የባሰ እርጅና አይገኝም። ግን ወደ 68 ሚሊዮን ስለታተመ ዛሬም ገበያ ላይ ሞልቷል፤ እዚያው አውሮፓ ያለ ተራ ደሞዝተኛ ቆጥቦ የሚገዛው ነገር ነው። በሌላ በኩል በ1856፣ አሁንም እንደ ፈረንጅ፣ በደቡብ አሜሪካዋ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ብሪቲሽ ጊያና ውስጥ የታተመ፣ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ፣ ሲያዩት የማያምር፣ ቀይ ወይን ጠጅ ወረቀት ላይ ያለ የአንድ ሳንቲም ቴምብር አለ። በዓለም የታወቀው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። በ2014 እንደ ፈረንጅ ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያው ቴምብር በ2021 እንደገና ሲሸጥ 8.3 ሚሊዮን አወጣ። ልብ በሉ፣ እሱ እንኳ ባለቤቱን አክስሯል። ስለዚህ "ቴምብር ገዝቼ ላስቀምጥ፣ ይወደዳል" የሚል ሰው ሲያማክረኝ በግ አርባ እለዋለሁ።

ዋጋውን የሚወስነው ስንት ቀርቷል፣ ያለው በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው። ዕድሜ ከእነዚህ ውስጥ የለበትም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች የ1886 ዓ.ም. ናቸው፣ የፖስታ አገልግሎት በአዋጅ በተቋቋመበት ዓመት። ሰባት ናቸው፤ ፓሪስ ነው የታተሙት፤ ቅርጹን የቀረጸው ኤዠን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከሩብ ግርሽ (የዚያ ዘመን ዝርዝር ገንዘብ ነው) እስከ ሁለት ግርሽ ባሉት አራቱ ላይ አፄ ምኒልክ አሉ። በ4፣ በ8ና በ16 ግርሹ ላይ አንበሳው አለ። የኛ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይሞቃል፣ አይፈረድበትም፤ ምኒልክ የአንጎለላ ልጅ ናቸው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር።

ግን ማህተም ያላረፈበት፣ ደብዳቤ ላይ ያልዋለ የዚያ ዘመን ቴምብር ብርቅ አይደለም። ገና ከጅምሩ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች በብዛት ተሽጧል። ብርቁ ሌላ ነው። እዚህ አገር ተለጥፎ፣ በትክክል ደብዳቤ ይዞ የሄደና ከነፖስታው የተረፈ ነው ብርቁ። ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚልከው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይሠራም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይን ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። እና የምኒልክ ቴምብርና የፈረንሳዩ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፈው፣ የየከተማው ማህተም አርፎባቸው፣ አንድ ፖስታ ላይ ስታዩ ደብዳቤው የሄደበትን መንገድ ሁሉ እያያችሁ ነው። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ቴምብሩ አንድ ነው፤ ለብቻው ሲሆን ተራ፣ ከነፖስታው ሲሆን ሀብት።

በነዚሁ ቴምብሮች ላይ ኋላ ጽሑፍ ተደርቦባቸው የወጡም አሉ። በላቲን ፊደል የአገሩ ስም የተጻፈበት አለ፣ በአማርኛ "ቦስታ" የሚል አለ፣ "መልክት" የሚልም አለ። የተደረበበት ከተራው ይወደዳል። እንግዲህ አጭበርባሪ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋችሁም፤ ተራውን በርካሽ ይገዛና "ቦስታ" ብሎ ይመታበታል። ቴምብሩ እውነተኛ ነው፣ ጽሑፉ ነው ሐሰቱ። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ በጣም ብዙ ነው። ጽሑፍ የተደረበበት የምኒልክ ቴምብር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ያንኑ ጽሑፍ ይሁን።

የባሰው ደግሞ የ1911 ዓ.ም. ስብስብ ነው። አሥራ አምስት ቴምብር ነው፤ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ያሉበት። በጣም ያምራል። ችግሩ ኋላ ተደግሞ መታተሙ ነው፤ ድጋሚው ደግሞ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። መለያው ጀርባው ላይ ነው። የዋናው ሙጫ ለስላሳና ነጭ ነው። የድጋሚው ሙጫ ቡናማ መሳይ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። ስንቱ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ፣ አውራሪሱ አምሮት ገዝቶታል! ቴምብር ስትገዙ ገልብጡት። ሻጩ "አታገላብጥ" ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከመሐል ሜዳ ለአባቴ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ያኔ ስልክ የት አለ። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ይዞት ይመጣል። ቴምብር መሰብሰብ ስጀምር መቀስ አነሣሁና ከሁሉም ፖስታ ላይ ቴምብሩን ዙሪያውን ቆራርጬ አወጣሁ። የተረፈውን ወረቀት እናቴ ከሰል አቀጣጠለችበት። ቴምብሮቹ ተራ ነበሩ፣ ዛሬም የትም ይገኛሉ። የጠፋው ማህተሙ ነው። "መሐል ሜዳ" የሚለው ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነበር፤ እኔ ጋ የቀረው "መሐ" ብቻ ነው። ዛሬ የምሰበስበው ምን መሰላችሁ? የሰሜን ሸዋ ከተሞችን የፖስታ ማህተም ነው። ደብረ ሲና፣ አጣዬ፣ ዓለም ከተማ፣ ሞላሌ። በገዛ እጄ ያስቃጠልኩትን ከሰው እጅ በብር እለምናለሁ።

ስለዚህ ቴምብር ፖስታ ላይ ካለ ተዉት። አትቁረጡ፣ አትላጡ። ፖስታው የተቀደደ ቢሆንም፣ ቀለም ቢፈስበትም፣ አድራሻው ቢሰረዝም እንዳለ አስቀምጡት። መቁረጥ ሁልጊዜ ይቻላል፤ መመለስ ግን የለም።

በእርግጥ ተራ የሆነ፣ ፖስታውም የተበጫጨቀ፣ ማህተሙም የማይነበብ ቴምብር ይኖራል። እሱን ማላቀቅ ትችላላችሁ። ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጉና ወረቀቱን ከነቴምብሩ ጣሉበት። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ራሱ ተንሸራቶ ይለቃል። ካልለቀቀ ጠብቁ እንጂ አትጎትቱ። ቀይ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ፖስታ ካለ ለብቻው በሌላ ሳህን ይሁን፤ ቀለሙ ይለቅና ሁሉንም ያበላሻል። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ንጹሕ ፎጣ ላይ አድርቁት፤ ሲደርቅ ከመጽሐፍ ሥር አሳድሩት። የአሁኑ ጊዜ እንደ ስቲከር የሚለጠፈው ዓይነት አብዛኛው በውሃ አይለቅምና አትሞክሩት። ያልተጠቀሙበት ቴምብር ደግሞ በፍጹም ውሃ አይነካም፤ ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ የዋጋው ግማሽ ነው።

በእጅ አትንኩ። ጣታችን ቅባትና ላብ አለው፤ በተለይ እንጀራ በልታችሁ ስትነሡ። ወረንጦ ተጠቀሙ። ግን የእሾህ ማውጫውን ወረንጦ አይደለም የምለው፤ እሱ ጫፉ ሹልና ጥርስ ያለው ስለሆነ ይበሳዋል። ጫፉ ጠፍጣፋና ልሙጥ የሆነ ፈልጉ። ስኮች፣ ስቴፕለር፣ ኮላ ከአጠገቡ ይራቁ። ደብተር ላይ በኮላ የተለጠፈ የአንድ ሰው የልጅነት ስብስብ አይቼ ማልቀስ ነው የቀረኝ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ "እንዳይበላሽ ብዬ" ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት አስደርጎት መጣ። የምስክር ወረቀት መስሎት! ላሚኔት የተደረገ ቴምብር ሞቷል፤ ማንም አይገዛውም፣ አይለቅም፣ አይድንም።

አቀማመጡ ላይ የኛ አገር አየር የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ክረምት ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት ከተማ ነው። አንኮበር ጉሙ መስኮት ከተከፈተ ቤት ውስጥ ይገባል። ወረቀትና ሙጫ እርጥበትን ይጠጣሉ። ሙጫው ሲርስ ቴምብሩ ይጠቀለላል ወይም አጠገቡ ካለው ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። ያ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል፤ ስለዚህ ነጠብጣብ ያለውን ከሌላው ለዩት። ቤት ውስጥ ከሰል ስናያይዝ ደግሞ ክፍሉ ይሞቅና ሌሊት ተመልሶ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ላይ ጤዛ ይሠራል። አልበማችሁ መሬት ላይ ባለ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ የድንጋይ ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ የተቀመጠው፣ ከዚህ የከፋ ቦታ መርጣችሁ ማግኘት አትችሉም።

ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ አልበሙን እንደ መጽሐፍ አቁሙት። አታጋድሙት፣ በላዩም ሌላ አትከምሩበት፤ ክብደቱ ሙጫውን ያጣብቀዋል። ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፣ አጠገቡ አኑሯት። የኩበትና የዕጣን ጭስ ባለበት ክፍል አይሁን። ፀሐይም አይንካው፤ ቀለሙን ትበላዋለች። ወደ ሸዋ ሮቢት ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት፤ ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት እስኪደርስ ሙጫው ላብ ያልበዋል። የብል መድኃኒት ጠረኑ ጠንካራ ስለሆነ እሱንም አርቁት። አልበም ከሌላችሁ? ንጹሕ ነጭ ፖስታ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀመጥ። እጅን የሚይዝ፣ የሚሸት ላስቲክ ግን አይሁን፤ ከዓመታት በኋላ ቀለሙን ይመጠዋል።

ወደ ዋጋው ልመለስ፤ ሰው የሚጠብቀው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ቴምብሩን ማወቅ አለባችሁ። አገር፣ ዓመት፣ ላዩ ላይ ያለው ዋጋ፣ የተደረበ ጽሑፍ ካለ እሱ። ቀጥሎ ጥርሱ። ዙሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት እንደሆኑ ይቆጠራሉ፤ "ጥርሱ 14 ነው" ሲባል ይኼ ነው ነገሩ። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቴምብሮች ጥርሳቸው ስለተለያየ ብቻ አንዱ ተራ፣ አንዱ ውድ ሊሆን ይችላል። የአንዳንዱ ወረቀት ደግሞ የውሃ ምልክት አለው፣ ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የገባ በብርሃን የሚታይ ምልክት ማለት ነው፤ የስልካችሁን መብራት ከኋላው አድርጋችሁ እዩት። ያው መብራት ሌላም ነገር ያሳያል፤ ከጀርባው የተላጠ ቀጭን ቦታ ካለ ብርሃኑ በዚያ ያልፋል። ከፊት ሲታይ ሙሉ ነው፣ ዋጋው ግን ወድቋል። ቀዳድ፣ እጥፋት፣ የጎደለ ጥርስ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ሥዕል፣ ሁሉም ይቀንሱታል። ድሮ ሰዎች ሙጫ ባለው ትንሽ ወረቀት አልበም ላይ ያንጠለጥሉት ስለነበር ጀርባው ላይ ጠባሳ ይገኛል፤ ያልተነካው ከተነካው ይበልጣል።

ከዚያ ካታሎግ ነው፤ ቴምብሮችን ከነዋጋቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ። ስኮት የአሜሪካኖቹ ነው፣ ስታንሊ ጊበንስ የእንግሊዞቹ፣ ሚሼል የጀርመኖቹ፣ ኢቬር ኤ ቴሊየ የፈረንሳዮቹ። የኢትዮጵያ ቴምብሮች በአራቱም ውስጥ አሉ። ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር ደምሮ ኪሱ የገባ ይመስለዋል። የካታሎግ ዋጋ ነጋዴ እንከን የሌለውን ሲሸጥ የሚጠይቀውን የሚጠቁም ነው። እናንተ ስትሸጡ የምታገኙት ከዚያ በጣም ያንሳል። የተራው ቴምብር ዋጋማ ከነጭራሹ የቴምብሩ አይደለም፤ ነጋዴው ፈልጎ፣ ለይቶ፣ አሽጎ የሚሰጥበት የድካም ዋጋ ነው። አንድ ሺህ ተራ ቴምብር ስላላችሁ ያንን ሳንቲም በሺህ አታባዙ።

ከካታሎጉ ይልቅ እውነቱን የሚነግራችሁ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ፣ እሱን ንኩት። ለሽያጭ የቀረበበትን አትዩ፤ ማንም ሰው ተራ የንግሥት ኤልሳቤጥን ቴምብር ፎቶ አንስቶ "አንድ ሚሊዮን ዶላር" ብሎ መለጠፍ ይችላል። መለጠፍ ሌላ፣ መሸጥ ሌላ። የቲክቶኩ ሁሉ ምንጭ ይኼ ነው።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ። ማህተሙ ጥግ ላይ በጣም ጥርት ብሎ አርፎ፣ ጀርባው ላይ ግን ሙጫው እንዳለ ካለ፣ ያ ቴምብር ደብዳቤ ላይ ውሎ አያውቅም፤ ለሰብሳቢ ሽያጭ ሲባል ማተሚያ ቤቱ ወይም ፖስታ ቤቱ ማህተም ያደረገበት ነው። ከሶሻሊስት አገሮች በገፍ የወጣ ነው፣ ርካሽ ነው። በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንደ አጅማንና ኡም አል ቁዋይን ያሉ የባህረ ሰላጤ ግዛቶች ያወጧቸው፣ ሥዕልና ወርቅ ቀለም የበዛባቸው ቴምብሮችም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉ የሚያብረቀርቁት እነሱ ናቸው፣ ከሁሉ የማያወጡትም እነሱው።

ወደ ጎረቤታችን ቆርቆሮ ልመለስ፤ አብዛኛው ይኸው ነበር። ሶቪየት፣ ሀንጋሪ፣ አጅማን። ከኢትዮጵያ የደርግ ጊዜ ተራ ቴምብሮች፣ ግማሾቹ ጥርሳቸው የረገፈ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከነቆርቆሮው ቢሸጥ አንድ ኪሎ ቡና ቢገዛ ነው። አልከፋቸውም፣ እንዲያውም ሳቁ። ከቆርቆሮው ሥር ግን በክር የታሰረ ጥቅል ነበር። መምህሩ ሳይጋቡ በፊት ከሞላሌ የጻፉላቸው ደብዳቤዎች ናቸው፣ አሥራ አንድ ፖስታ፣ ሁሉም ሙሉ፣ ማህተሙ እንደ ትናንት የሚነበብ። እጄ ተንቀጠቀጠ። "እማማ፣ ከዚህ ሁሉ የሚፈለገው ይኼ ነው፤ እኔ ራሴ እገዛዎታለሁ" አልኳቸው።

ጥቅሉን ከእጄ ወሰዱና በጋቢያቸው ሥር ጉያቸው ከተቱት። "እሱ አይሸጥም" አሉኝ። "ቆርቆሮውን ለልጁ አስተምርበት።"

የፖስታዎቹን ላዩን ፎቶ እንዳነሣ ግን ፈቅደውልኛል። ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የሀንጋሪውን ቴምብር በሳህን ያላቅቃል። ባለፈው ሳምንት ቀዩን ፖስታ ከነጩ ጋር ቀላቅሎ ሃያ ቴምብር ሮዝ አደረገብኝ።